አቋራጩ የት ያደርሳል? በኮምፒውተር ገጽ ላይ ከሚታየው ሥዕል በስተጀርባ ያለው ፕሮግራም

ከደባርቅ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። መኪና ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው ብዙ ይዞራል፤ እግረኛው ግን ከላይኛው መታጠፊያ ወደ ታችኛው በቀጥታ በምትወርድ ቀጭን መንገድ ያቋርጣል። ይህችን መንገድ አቋራጭ እንላታለን። አቋራጭ ወደ መድረሻ ትወስዳለች እንጂ ራሷ መድረሻ አይደለችም። ከላይ የቆመ እንግዳ ሰውም የመንገዷን አፍ ያያል እንጂ የምትወጣበትን ቦታ አያይም።

በኮምፒውተር ገጽ ላይ «ሾርትከት» እየተባለ የሚጠራው ነገር ጠባዩ ይኸው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አቋራጭ ብለን እንጠራዋለን። አንባቢያን በየቀኑ የምትጫኑት ሥዕል በእርግጥ የትኛውን ፕሮግራም እንደሚከፍት እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱን ባለማወቅ ብቻ በፍላሽ ላይ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ በባለቤቱ በራሱ እጅ ሊጠፋ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከታች እንመለከታለን።

ስምና ሥዕል፣ መድረሻም

አንድ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሲ ድራይቭ ውስጥ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው ፎልደር ሥር ነው። ተጠቃሚው በየጊዜው ወደዚያ እንዳይመላለስ በገጹ ላይ ትንሽ ፋይል ይቀመጥለታል። ይህች ፋይል አቋራጭ ናት። ብዙውን ጊዜ መጠኗ ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ ባይት አይበልጥም፤ በሥዕሏ የታችኛው የግራ ጥግ ላይም ትንሽ ቀስት ይታያል። አፕል ኩባንያ ተመሳሳዩን ነገር «አሊያስ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1991 በማኪንቶሽ ላይ አውጥቶ ነበር፤ በዊንዶውስ የተለመደው ግን ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1995 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ነው።

አቋራጭ ሲሰረዝ ፕሮግራሙ አይሰረዝም፤ አቋራጭ ሲቀዳም ፕሮግራሙ ወይም ጽሑፉ አብሮ አይቀዳም። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ዳባት ላይ የጻፈውን ጽሑፍ ወደ ፍላሽ የገለበጠ መስሎት አቋራጩን ብቻ ይገለብጣል። ከዚያ ደባርቅ ደርሶ ማተሚያ ቤት ሲያስከፍተው ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልስ ያገኛል። ስሙ ትክክል ነው፤ ሥዕሉም የጽሑፍ ሥዕል ነው፤ ጽሑፉ ግን ዳባት በሚገኘው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። ከመነሣቱ በፊት የፋይሉን መጠን ቢያይ ኖሮ፣ ሥዕላት ያሉበት የስድሳ ገጽ ጽሑፍ በአንድ ኪሎ ባይት እንደማይያዝ ይገነዘብ ነበር።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ቁም ነገር ይታያል። አቋራጭ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ስም፣ ሥዕልና መድረሻ። ሦስቱ በምንም ሕግ አይተሳሰሩም። ስሙን ማንም ሰው እንደ ፈቀደ ይለውጠዋል። ሥዕሉም እንዲሁ ነው፤ የካልኩሌተር መድረሻ ላለው አቋራጭ የጽሑፍ ማዘጋጃን ሥዕል መስጠት ሁለት ጊዜ ከመጫን የበለጠ ድካም የለውም። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ያየ መንገደኛ በዚያ ቤት ጠላ እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ጠላው ዛሬ የተጠመቀ ይሁን የከረመ ግን ጣሳው አይነግረውም። የአቋራጭ ሥዕልም እንደዚያ ጣሳ ነው፤ በውስጥ ስላለው ነገር ዋስትና አይሰጥም።

በፋይሏ ውስጥ ምን አለ?

የአቋራጭ ፋይል የስም ቅጥያ በላቲን ፊደላት ኤል፣ ኤን እና ኬ ነው። ተጠቃሚው የፋይሎች ቅጥያ እንዲታይ ቢያዝም እንኳ ዊንዶውስ ይህን ቅጥያ አያሳይም። ምክንያቱም በኮምፒውተሩ መዝገብ፣ ማለትም በ«ሬጂስትሪ»፣ ይህ ዓይነት ፋይል ቅጥያው ከቶ እንዳይታይ ተብሎ ተጽፏል። ለዓይን ውበት ተብሎ የተደረገ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱን አንባቢ ጥቂት ቆይቶ ያየዋል።

የፋይሏ አሠራር ምስጢር አይደለም፤ ማይክሮሶፍት ሙሉ መግለጫውን አውጥቷል። የመጀመሪያዎቹ 76 ባይቶች ራስጌ ናቸው። የመጀመሪያው ባይት ዋጋም ራሱ 76 ነው፤ የራስጌውን ርዝመት ይናገራልና። በአስኪ የፊደላት ሰንጠረዥ 76 የላቲኑ «ኤል» ፊደል ቁጥር ስለሆነ፣ ማናቸውም አቋራጭ በጽሑፍ መልክ ሲታይ በዚህ ፊደል ይጀምራል። በራስጌው ውስጥ የመድረሻው ፋይል መጠን፣ የተፈጠረበትና የታረመበት ጊዜ፣ መስኮቱ በሙሉ ይከፈት ወይስ ታች ተጠቅልሎ ይቀመጥ የሚለው ትእዛዝ ይገኛሉ። ከራስጌው ቀጥሎ የመድረሻው ሙሉ አድራሻ፣ መድረሻው ያለበት ዲስክ መለያ ቁጥር፣ ሥራው የሚጀመርበት ፎልደር፣ ለፕሮግራሙ የሚሰጡት ተጨማሪ ትእዛዞችና የሥዕሉ አድራሻ ይከተላሉ። በብዙ አቋራጮች መጨረሻ ላይ ደግሞ መድረሻው የነበረበት ኮምፒውተር ስም ተጽፎ ይገኛል። የኮምፒውተር ወንጀል መርማሪዎች አቋራጮችን የሚወዷቸው ለዚህ ነው።

የመድረሻው መጠንና ጊዜ መመዝገቡ ጥቅም አለው። መድረሻው ከቦታው ሲነሣ ዊንዶውስ ሊፈልገው ይሞክራል። በዊንዶውስ 95ና ከእርሱ በኋላ በመጡት አሮጌ ቅጂዎች፣ ያው ፋይል ካልተገኘ በመጠን፣ በጊዜና በዓይነት ከእርሱ ጋር የሚቀራረበውን ፋይል አቅርቦ «ይህ ይሆን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን ሳያነብ «አዎ» የሚል ሰው አቋራጩን ወደማያውቀው ፋይል ሊያዞረው ይችል ነበር።

መድረሻውን እንዴት እናነባለን?

አቋራጩን ሁለት ጊዜ አንጫነውም። በማውሱ የቀኝ ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭነን ከሚወጣው ዝርዝር «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን እንመርጣለን። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ታርጌት» በሚለው ሣጥን የተጻፈው መድረሻው ነው። ከሥሩ «ስታርት ኢን» የሚለው ሥራው የሚጀመርበትን ፎልደር ያመለክታል፤ «ረን» የሚለው ደግሞ መስኮቱ እንዴት እንደሚከፈት ይናገራል። «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» የሚለውን ቁልፍ ብንጫን ፕሮግራሙ ራሱ ያለበት ፎልደር ይከፈትልናል።

የታርጌት ሣጥን አነባበብ ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሣጥኑ ጠባብ ስለሆነ ጽሑፉ በሙሉ አይታይም፤ ጠቋሚውን በውስጡ አድርገን እስከ መጨረሻው ድረስ መጓዝ አለብን። በመጀመሪያ የሚመጣው የፕሮግራሙ አድራሻ ነው፤ በፎልደሮቹ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ለፕሮግራሙ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ ይመለሳል፤ ነገሩ ያለው ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ክፍል ነው። ለምሳሌ የታርጌቱ መጀመሪያ የዊንዶውስ ንብረት የሆነው «ሲኤምዲ» ሊሆን ይችላል። ሲኤምዲ ጥቁር መስኮት ከፍቶ የተሰጠውን ትእዛዝ የሚፈጽም ሕጋዊ ፕሮግራም ነው። እርሱን ማየት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ ማንበብ አለብን።

አንዳንድ ጊዜ የታርጌት ሣጥን ደብዝዞ ይገኛል፤ ሊታረምም አይችልም፤ በውስጡም ከአድራሻ ይልቅ የፕሮግራሙ ስም ብቻ ተጽፎ ይታያል። ይህ ጉዳት ያመጣ ነገር አይደለም። እንደ አሮጌዎቹ የማይክሮሶፍት ኦፊስ ቅጂዎች ያሉ በዊንዶውስ ጫኝ አገልግሎት የሚገቡ ፕሮግራሞች አቋራጫቸው በአድራሻ ፈንታ የመለያ ቁጥር ይይዛል፤ ዊንዶውስም ቁጥሩን አይቶ መድረሻውን ራሱ ያገኛል። ከማይክሮሶፍት መደብር የሚወርዱትም እንዲሁ ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ ስሙን ፈልጎ፣ በቀኝ ቁልፍ የፋይሉን ቦታ ማስከፈት ነው። ይህ መንገድ የሚሠራው አስቀድሞ ለሚታመን ፕሮግራም ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነው።

በፍላሽ ላይ የሚመጣው አቋራጭ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ «ሾርትከት ቫይረስ» በመባል የታወቀውን ነገር ለመረዳት ያዘጋጀናል። በደባርቅም ሆነ በዳባት ያለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር በቀን የብዙ ሰዎችን ፍላሽ ይቀበላል። ከእነዚህ ፍላሾች አንዳንዶቹ በነጋታው ወደ ጎንደር ይጓዛሉ፤ ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከደባርቅ ደግሞ 100 ያህል። ለፍላሽ ተሳፋሪ ትል ይህ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ትል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ራሱን ከፋይል ጋር ሳያጣብቅ በራሱ የሚባዛ ፕሮግራም በሙያው ቋንቋ ቫይረስ ሳይሆን ትል ይባላልና።

ኢንተርኔት ሲደክም ፍላሽ ይበረታል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ጽሑፍን ከቦታ ቦታ ለማድረስ በእጅ ይዞ ከመሄድ ሌላ አማራጭ ያጡ ብዙዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞችም አዲስ መረጃ ሳያገኙ ቆይተዋል። ፍላሹ በበዛበት ጊዜ ጠባቂው አርጅቷል ማለት ነው።

የትሉ አሠራር ይህን ይመስላል። ንጹሕ ፍላሽ በታመመ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ የሚጠባበቀው ትል በመጀመሪያ ራሱን ወደ ፍላሹ ይገለብጣል። ቀጥሎ የባለቤቱን ፋይሎችና ፎልደሮች በሙሉ እንዳይታዩ ይደብቃል። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ የተደበቀ ፋይል በዚያው ስም አንድ አቋራጭ ይሠራል፤ ለፎልደሩ የፎልደር ሥዕል፣ ለጽሑፉ የጽሑፍ ሥዕል ይሰጠዋል። ባለቤቱ ፍላሹን ሲከፍት «ቴሲስ» የሚለውን ፎልደሩን በቦታው ያገኘዋል። ሁለት ጊዜ ይጫነዋል፤ ፎልደሩም ይከፈትለታል።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፎልደሩ በእርግጥ ይከፈታል። የአቋራጩን ታርጌት ብናነብ ሦስት ትእዛዞች ተቀጣጥለው እናገኛለን። «ሲኤምዲን ክፈት፤ እርሱም መጀመሪያ ይህን ስክሪፕት ያስነሣ፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ያሳይ፤ ከዚያም ይውጣ» የሚሉ ናቸው። በ«ረን» ሣጥን ውስጥ ደግሞ መስኮቱ ተጠቅልሎ እንዲከፈት ከታዘዘ ጥቁሩ መስኮት ለዓይን ሳይታይ ያልፋል። ተጠቃሚው የፈለገውን ስላገኘ አንዳች ነገር አይጠረጥርም። በዚያች ቅጽበት ግን አዲሱ ኮምፒውተር ታሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካበትም ፍላሽ ሁሉ ይታመማል።

ስለዚህ ፍላሽ ስንከፍት የምናያቸው ምልክቶች አሉ። አንደኛ፣ ፎልደር ቀስት የለውም፤ ቀስት ያለበት ፎልደር ፎልደር አይደለም። ሁለተኛ፣ በዝርዝር መልክ ስናየው የእውነተኛ ፎልደር የመጠን ዐምድ ባዶ ነው፤ የአቋራጩ ግን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ባይት ይላል። የዓይነት ዐምዱም «ሾርትከት» ብሎ ያጋልጠዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የታርጌቱ ንባብ ነው። ፎልደርን የሚከፍት ነገር በታርጌቱ ውስጥ «ሲኤምዲ»፣ «ደብሊው ስክሪፕት» ወይም «ረን ዲኤልኤል 32» የሚል ስም የሚይዝበት ምክንያት የለም።

ይህ ዓይነት ትል ለምን በዛ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ቀድሞ ትሎች አቋራጭ አያስፈልጋቸውም ነበር። ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ «አውቶረን» የሚባለውን ፋይል አንብቦ በውስጡ የተጻፈውን በራሱ ይፈጽም ስለነበር፣ ትሉ በዚያ ይገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የታየው «ኮንፊከር» በሰፊው ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን በር በዊንዶውስ 7 ላይ ዘጋው፤ በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ በአሮጌዎቹ ቅጂዎች ላይ በእድሳት መልክ እንዲዘጋ አደረገ። ኮምፒውተሩ በራሱ መክፈቱን ሲተው ትሎቹ ሰው እንዲከፍትላቸው ማድረግ ነበረባቸው። ለዚህ ደግሞ የሰውየውን የራሱን ፎልደር ከመምሰል የተሻለ መንገድ የለም። «ጄንክስከስ» የተባለው የስክሪፕት ትልና «ጋማሩ» ወይም «አንድሮሜዳ» የተባለው በዚህ ዘዴ ዓለምን አዳርሰዋል። የመጀመሪያውን ማይክሮሶፍት በጁን 2014 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመገናኛ መስመሩን አቋርጦበታል፤ የሁለተኛውን መረብ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ.፣ የአውሮፓው ዩሮፖልና ሌሎች በኖቬምበር 2017 አፍርሰውታል። የትሎቹ አዛዦች ቢያዙም ትሎቹ ግን በአሮጌ ኮምፒውተሮችና ፍላሾች ውስጥ መመላለሳቸውን አልተዉም፤ ለመባዛት አዛዥ አያስፈልጋቸውምና።

ፋይሉ አልጠፋም

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከትሉ ሳይሆን ከሕክምናው ነው። ፍላሹ በአቋራጮች ተሞልቶ የሚያገኝ ሰው አቋራጮቹን ይሰርዛል፤ ፍላሹ ባዶ ይሆንበታል፤ «ቫይረስ በላው» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። ሆኖም ባዶ በሚመስለው ፍላሽ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ቢመለከት አራት ጊጋ ባይት የሞላ ነገር እንዳለ ያይ ነበር። ፋይሎቹ በቦታቸው ናቸው፤ የተሸሸጉ ብቻ ናቸው። ያጠፋቸው ፎርማቱ ነው።

እንዲህ ያለው ኪሳራ በገንዘብ አይተመንም። በዚያው በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ቆይቷል። የ1996ን ልደት ዛሬ ወጥቶ መቁጠር አይቻልም። የአንድ ተማሪ የመስክ መጠይቅም በልኩ እንደዚያው ነው፤ ባለፈው ክረምት የተመዘነ ሕፃን ዘንድሮ ያው ክብደት የለውም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራውን ትል ማስቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሰረዝናቸውን አቋራጮች በሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይሠራቸዋል። ታስክ ማኔጀርን ከፍተን እኛ ያላስነሣነው «ደብሊው ስክሪፕት» ካለ እናቆመዋለን። ትሉ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ በ«ስታርትአፕ» ፎልደርና በሬጂስትሪው ውስጥ ስሙን ስለሚያስመዘግብ ከዚያም መነቀል አለበት፤ ይህን ሥራ ለታደሰ ጸረ ቫይረስ መተው ይሻላል። ቀጥሎ በፍላሹ ላይ ያሉትን አቋራጮችና ስክሪፕቱን እንሰርዛለን፤ እውነተኞቹን ፋይሎች ግን አንነካም።

ከዚያ የተሸሸጉትን ማውጣት ነው። ብዙዎች የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አዝዘው ምንም ስላላዩ ተስፋ ይቆርጣሉ። ምክንያቱ ትሉ ፋይሎቹን «የተደበቀ» ብቻ ሳይሆን «የሲስተም» የሚል ምልክትም ጭምር ስለሚለጥፍባቸው ነው፤ ሁለቱን ምልክቶች የያዘ ፋይል ዊንዶውስ የራሱ ወሳኝ ፋይል ስለሚመስለው ለብቻው ይጠብቀዋል። ስለዚህ በፎልደር አማራጮች ውስጥ ጥብቅ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምርጫም ማንሣት ያስፈልጋል። ምልክቶቹን ጨርሶ ለመፋቅ በጥቁሩ መስኮት «አትሪብ» የሚለውን ትእዛዝ እንጽፋለን። ከእርሱ ቀጥሎ ኤች፣ አር እና ኤስ የሚሉትን የላቲን ፊደላት ከእያንዳንዳቸው በፊት የመቀነስ ምልክት አድርገን እንጨምራለን፤ ከዚያ የፍላሹን ፊደልና ሁሉንም ፋይል የሚወክለውን ኮከብ፤ በመጨረሻም ንዑስ ፎልደሮችን እንዲያዳርስ ከዝባዝ በኋላ ኤስ፣ ደግሞም ከዝባዝ በኋላ ዲ። ጋማሩ የጎበኘው ፍላሽ ላይ ፋይሎቹ ስም የሌለው በሚመስል ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመው ይገኛሉ፤ ስሙ በእርግጥ አለ፣ ነገር ግን ለዓይን የማይታይ ክፍት ቦታ የሆነ ፊደል ነው።

አንባቢ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ቢያገኝ ሥራው ሁሉ ይቀልለታል። ሊኑክስ የዊንዶውስን ስክሪፕት በጭራሽ አያስነሣም፤ የመደበቂያ ምልክቱንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ፋይሎቹ ወዲያው ይታያሉ። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ከዚያ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

መስኮቱም የማያሳየው ጊዜ

ታርጌትን አንብቡ ስንል መስኮቱ ሁልጊዜ እውነቱን በሙሉ ይናገራል ማለታችን አይደለም። ሁለት ታሪኮችን እንጠቅሳለን።

እ.ኤ.አ. በጁን 2010 የቤላሩሱ ቫይረስብሎክአዳ ኩባንያ ያገኘው «ስታክስኔት» የተባለ ትል ለኢራን የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያዎች ታስቦ የተሠራ ነበር። እርሱም በፍላሽ፣ በአቋራጭ ተሳፍሮ ነበር የመጣው። ነገር ግን ማንም እንዲጫነው አይጠብቅም ነበር። ዊንዶውስ አንዳንድ አቋራጮችን ሥዕል ለማሳየት የተጠቀሰውን ፋይል ወደ ማኅደረ ትውስታ ይጭን ስለነበር፣ ፍላሹን ከፍቶ ሥዕሉን ማየት ብቻ ትሉን ያስነሣው ነበር። ማይክሮሶፍት በኦገስት 2 ቀን 2010 መጠገኛ አወጣ፤ ጥገናው ሙሉ እንዳልነበር ታውቆ በማርች 2015 እንደገና ተጠገነ። ያልታደሰ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮፐርቲስን እስክንከፍት ድረስ ጊዜ አይሰጠንም ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በማርች 2025 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እንዳስታወቀው፣ ከ2017 ጀምሮ ወደ 1000 የሚጠጉ ጎጂ አቋራጮች አንድ ቀላል ዘዴ ተጠቅመዋል። ዘዴውን ከተጠቀሙት መካከል መንግሥታት የሚደግፏቸው 11 ቡድኖች ይገኙበታል። የፕሮፐርቲስ መስኮት የታርጌቱን የመጀመሪያዎቹን 260 ፊደላት ብቻ ነበር የሚያሳየው፤ ፋይሉ ግን ከዚያ እጅግ የሚረዝም ትእዛዝ መያዝ ይችላል። አጥቂዎቹ ከፕሮግራሙ ስም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍት ቦታዎችን ይደረድሩና ትእዛዛቸውን ከእነርሱ በስተኋላ ይጽፋሉ። የሚያነበው ሰው ንጹሕ ስምና ባዶ ሣጥን ያያል።

እንዲህ ሲሆን ፋይሏን ራሷን ማንበብ ይሻላል። በጥቁሩ መስኮት «ታይፕ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈን የአቋራጩን ስም ከነድብቅ ቅጥያው ብንሰጠው፣ ውስጧ ያለው ሁሉ በመስኮቱ ላይ ይዘረገፋል። አብዛኛው የማይነበብ ምልክት ነው፤ በመካከሉ ግን አድራሻዎቹና ትእዛዞቹ ይነበባሉ። መጀመሪያ ላይ ያን «ኤል» ፊደል ፈልጉት። ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ አንባቢያን ደግሞ በ«ፓወርሼል» ውስጥ «ክሪኤት ሾርትከት» የሚባለውን ትእዛዝ መጠቀም ይችላሉ። ስሙ አዲስ አቋራጭ ይሠራል የሚል ቢሆንም፣ ነባር አቋራጭ ሲሰጠው «ታርጌት ፓዝ»ንና «አርጊዩመንትስ»ን ለየብቻ አውጥቶ ያነብልናል። የፍላሽን አቋራጮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያነብ አሥር መስመር የማይሞላ ፕሮግራም መጻፍ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሁሉም አቋራጭ እንዲህ አስቸጋሪ አይደለም። ወደ ድረ ገጽ የሚወስዱት የዊንዶውስ አቋራጮች ተራ ጽሑፎች ናቸው፤ በጽሑፍ ማረሚያ ሲከፈቱ አድራሻቸው በግልጽ ይነበባል። በሊኑክስም የገጽ አቋራጮች ተራ ጽሑፎች ናቸው። በአንዱ መስመር ስሙ፣ በሌላው ሥዕሉ፣ «ኤግዜክ» በሚለው መስመር ደግሞ የሚነሣው ፕሮግራም ከነትእዛዞቹ ተጽፎ ይገኛል።